የሠራተኞች ቅሬታ አቀራረብና አፈታት በጤና ተቋማት፦ ፍትሐዊነቱና ውጤታማነቱ

በአንድ የዞን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ የምትሠራ ነርስ ለምሳሌነት ትቅረብ። የሦስት ወር የዲዩቲ ክፍያዋ ሲሰላ አራት ሌሊቶች ሳይቆጠሩ ቀሩ። በመጀመሪያ የጠየቀችው የዋርዱን ኃላፊ ሲሆን፣ ያገኘችው መልስ «ሲስተር፣ እስቲ ትንሽ ታገሺ፤ በጀት ሲለቀቅ አብሮ ይታያል» የሚል ነበር። በጀቱ ተለቀቀ፤ አራቱ ሌሊቶች ግን አልታዩም። ወደ ፋይናንስ ክፍል ስትሄድ፣ የተፈረመበት የተረኝነት ፕሮግራም በእነዚያ ሌሊቶች የእርሷን ስም እንደማያሳይ ተነገራት። የታመመች ባልደረባዋን ተክታ የገባችው በቃል ትእዛዝ ብቻ ስለነበረ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ከዋርዱ ኃላፊ ደብዳቤ እንድታመጣ ጠየቃት፤ የዋርዱ ኃላፊ ደግሞ ደብዳቤ መጠየቋን እንደ ክስ ቆጠሩት። ነርሷም ነገሩን ተወችው። በቀጣዩ ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ መጣ። ይህ የሆነው በቂም ይሁን ወይም ሥራዋ በእርግጥ ደክሞ፣ አንድም የተጻፈ ነገር ስለሌለ ማንም አረጋግጦ ሊናገር አይችልም። የሚታወቀው፣ ከዚያ ወዲህ በዋርዱ ስብሰባ ላይ ድምፅዋ አለመሰማቱ ነው።

ይህች ነርስ ጉዳዩን ለማስረዳት የቀረበች ምናባዊ ሰው ናት። ሆኖም በሥራ ዘመኑ እርሷን የመሰለች ባልደረባ አላጋጠመኝም የሚል የጤና ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። ነገሩ የአራት ሌሊት ክፍያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሒሳብ ሹም በተተወ ነበር። የጤና ባለሙያውን ሊያሳስበው የሚገባው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዋርዱ ስብሰባ ላይ የማትናገር ነርስ ስለ ክፍያዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ተበላሸው የኦክስጅን መለኪያም፣ በስሕተት ስለተሰጠው መድኃኒትም አትናገርምና።

ቅሬታ፣ ክስና ጥቆማ

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የቅሬታዎች ምርመራ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 130 መሠረት፣ ማንኛውም ሠራተኛ ቅሬታ አለኝ ብሎ ሲያምን ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ የማቅረብ መብት አለው፤ በማቅረቡም ምክንያት ምንም ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት አይገባም። ይኸው ሰነድ ሥርዓቱ በተቻለ መጠን ያልተወሳሰበና ፈጣን እንዲሆን፣ ሠራተኛው በምርመራው ራሱ እንዲሳተፍና በማኅበሩ ተወካይ ወይም በሥራ ባልደረባው እንዲታገዝ፣ ጉዳዩ የደረሰበት ደረጃም እየተነገረው እንዲሄድ ያሳስባል። ይህ ከተጻፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየተቋሙ የሚታየውን ጉድለት ለመለየት ግን ዛሬም ከዚህ የተሻለ አጭር መመዘኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቅሬታ ከሁለት ተቀራራቢ ጉዳዮች መለየት ይኖርበታል። የዲሲፕሊን ክስ ተቋሙ በሠራተኛው ላይ የሚያቀርበው ነው፤ ቅሬታ ደግሞ ሠራተኛው ተቋሙ በወሰደው ወይም ሳይወስድ በቀረው እርምጃ ላይ የሚያቀርበው ነው። ሦስተኛው የደኅንነት ጥቆማ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ተናጋሪው ለራሱ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ታካሚ ነው። በወረቀት ላይ ሦስቱ የተለያየ መንገድ አላቸው። አነስተኛ በሆነ የጤና ተቋም ውስጥ ግን ሦስቱም የሚገቡት በአንድ በር፣ ወደ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ነው። በአንደኛው ጉዳይ በሩ የተዘጋበት ሠራተኛ ለሁለተኛው መልሶ አያንኳኳም።

በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ ጉዳይ ይህንን በአሳዛኝ ሁኔታ ያሳየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሆስፒታሉ ሥራ የጀመሩት የሰመመን ሐኪም ዶክተር ስቲቨን ቦልሲን፣ በልብ ቀዶ ሕክምና የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር አሳስቧቸው በ1990 ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ጽፈው ነበር። ሰሚ ግን አላገኙም። ከዚያም ወደ አውስትራሊያ ሄደው ሥራቸውን በዚያ ቀጠሉ። በሰር ኢያን ኬኔዲ የተመራው መንግሥታዊ አጣሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑት መካከል ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚደርሱ ሕፃናት መሞታቸውን ገለጸ። ሪፖርቱ ያተኮረው በአንድ ሐኪም ክፋት ላይ አልነበረም። ሥልጣን በጥቂት ሰዎች እጅ ተከማችቶ ከታች የሚመጣው ድምፅ መድረሻ ያጣበትን አሠራር ነበር የመረመረው። በ2015 ደግሞ ሰር ሮበርት ፍራንሲስ ባቀረቡት ሌላ የግምገማ ሪፖርት መነሻነት፣ በአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሠራተኞች ሥጋታቸውን የሚያካፍሉት ለዚሁ ተግባር የተመደበ ሰው እንዲኖር ተደርጓል። በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል አሥራ አራት ዓመት አልፏል፤ ይህ ብቻውን ሥርዓቱን ማረም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይናገራል።

ፍትሐዊ መሆንና ውጤታማ መሆን

እነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ተጣምረው ስለሚነገሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አንድ ሆስፒታል በዓመቱ ውስጥ የቀረበ ቅሬታ የለም ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ፣ ሪፖርቱን የሚያነበው የበላይ አካል ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም ፖዚቲቭ ውጤት ያላወጣ የወባ ላቦራቶሪ ሲያጋጥም፣ ወባ ጠፋ ከማለት በፊት ማይክሮስኮፑንና ባለሙያውን መፈተሽ ልማድ ነው። ለቅሬታ ዜሮም ይኸው ጥርጣሬ ይገባዋል። በኮሪደር ግድግዳ ላይ የተሰቀለውና ቁልፉ የት እንደገባ የማይታወቀው የአስተያየት ሳጥንም የሚሰጠው መረጃ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ፍትሐዊነት የሚመለከተው ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ቲቦና ዎከር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ እንዳመለከቱት፣ ተከራካሪዎች ማስረጃቸውን በራሳቸው መንገድ የማቅረብ ዕድል ሲያገኙ ውሳኔው ባይደግፋቸውም እንኳ ሒደቱን ፍትሐዊ ነው ብለው የመቀበል ዝንባሌ አላቸው። ሌቨንታል በ1980 ሐሳቡን አስፍቶ ስድስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ። እነርሱም አሠራሩ ለሁሉም ወጥ መሆኑ፣ ከወሳኙ የግል ጥቅም የጸዳ መሆኑ፣ በትክክለኛ መረጃ ላይ መመሥረቱ፣ ስሕተት ሲገኝ የሚታረምበት መንገድ መኖሩ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ መወከላቸውና ከሥነ ምግባር ጋር መስማማቱ ናቸው። በነርሷ ጉዳይ ከስድስቱ የትኛው እንደተሟላ አንባቢው ራሱ ሊቆጥር ይችላል።

ውጤታማነት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከውሳኔው በኋላ ምን ተለወጠ? የሚል። ፍጹም ፍትሐዊ በሆነ ችሎት «ይከፈላት» ተብሎ ተወስኖ ገንዘቡ ለዓመት ካልተከፈለ፣ ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው እንጂ ውጤታማ አይደለም። በአንጻሩ ነገሩ በአንድ የስልክ ጥሪ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ የሚያልቀው ግን ደዋዩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ከሆነ ለአንድ ሰው ውጤታማ፣ ለተቀሩት ደግሞ አዲስ የቅሬታ ምንጭ ይሆናል። አማርኛ ለዚህ ቀድሞውኑ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ደጅ የሚጠና ሰው የሚጠብቀው ችሮታ ነው፤ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው የሚጠይቀው መብት ነው። ብዙ ተቋማት የቅሬታ ሥርዓት ብለው የሚጠሩት አሠራር፣ ቢሮ ከመዘዋወሩና ኃላፊውን ደስ ከማሰኘቱ የተነሣ፣ ከደጅ ጥናት ያልራቀ ሆኖ ይገኛል።

አለመደመጥ በጤና ላይ

የሕክምና ባለሙያው ይህን ርእስ የአስተዳደር ሰዎች ጉዳይ አድርጎ እንዳይተወው የሚያስገድዱ ጥናቶች አሉ። በፊንላንድ ኤሎቫይኒዮ፣ ኪቪማኪና ቫህቴራ በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በመሥሪያ ቤታቸው ያለው የውሳኔ አሰጣጥ ኢፍትሐዊ ነው ያሉ ሠራተኞች ጤናቸውን ዝቅ አድርገው የመገመት፣ ቀላል የአእምሮ ጤና መታወክ የማሳየትና በሕመም ከሥራ የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በ2005 በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የቀረበው የዋይትሆል ሁለተኛ ጥናት ትንተና 6,442 ወንዶችን ያካተተ ነበር። አለቆቻቸው የሚያዳምጧቸው፣ በቂ መረጃ የሚሰጧቸውና ያለ አግባብ የማይወቅሷቸው ሠራተኞች፣ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ፍትሕ እንዳለ ከገለጹት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ጥናቱ ሰዎችን የተከታተለ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ስለሆነም ዝምድናን እንጂ መንስኤን በእርግጠኝነት አያረጋግጥም። ሆኖም በሌሎች የታወቁ የልብ በሽታ አጋላጭ ሁኔታዎች ልዩነቱ ሊገለጽ አልቻለም።

ለሙከራ የቀረበው የግሪንበርግ ጥናት ነው፤ በ2006 የታተመ ሲሆን ትኩረቱም በነርሶች ላይ ነበር። በአራት ሆስፒታሎች የሚሠሩ 467 ነርሶች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በሁለቱ ሆስፒታሎች የክፍያ ሥርዓቱ ተለውጦ የነርሶቹ ገቢ ቀንሶ ነበር። ገቢያቸው የቀነሰባቸው ነርሶች በእንቅልፍ ማጣት ተቸገሩ። ነገር ግን የቅርብ አለቆቻቸው ሠራተኛን በአክብሮት ስለመያዝና ምክንያትን ስለማስረዳት አጭር ሥልጠና በወሰዱበት ሆስፒታል፣ ገቢያቸው በእኩል መጠን ቢቀንስም የነርሶቹ እንቅልፍ ማጣት በጉልህ ያነሰ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላም ልዩነቱ እንደቀጠለ ታይቷል። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ የተለወጠው አነጋገሩ ነው። ይህ ግኝት ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ማባበል ክፍያን ይተካል ለሚል ኃላፊ ጥሩ ሽፋን ሊሆን ይችላልና። ጥናቱ የሚያስረዳው ክብር የጎደለው አያያዝ በገንዘቡ ጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት እንደሚጨምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ሌዊንና ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ውጤት ነው። በአሜሪካ የብረት ፋብሪካዎችን፣ የችርቻሮ መደብሮችን፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችንና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ያጠኑ ሲሆን፣ ቅሬታ ያቀረቡ ሠራተኞች ከማቅረባቸው በፊት ካላቀረቡት ጋር ተቀራራቢ የሥራ ውጤትና እድገት ነበራቸው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ግን የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸውና የደረጃ እድገታቸው ዝቅ አለ፤ ከሥራ የሚለቁትም በዙ። ቅሬታ የቀረበባቸው አለቆችም ከዚህ አላመለጡም። የተጻፈ ሥርዓት ባለበት፣ ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር በቆመበት አገር ይህ ከታየ፣ የምሳሌዋ ነርስ የሥራ አፈጻጸም ውጤት መውረዱን በአጋጣሚ ብቻ ማስረዳት የሚከብደው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የመግለጽ መብት ለሠራተኞች ሰጥቷል፤ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል የዚህ መብት ተጠቃሚዎች እነማን እንደሚሆኑ ግን በሕግ እንዲወሰን አድርጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሁሉ፣ ሆስፒታሎችን፣ ክሊኒኮችንና ፋርማሲዎችን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚሰጡ ድርጅቶች ተርታ በማስገባት ሥራ ማቆምን ይከለክላል። ታካሚን ያለ ተረኛ ሐኪም የማይተው ክልከላ ሕክምናዊ መሠረት አለው፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የማኅበራት ነፃነት ኮሚቴ ለረዥም ጊዜ ሲያስገነዝብ እንደቆየው፣ ሥራ የማቆም መብት የተገደበባቸው ሠራተኞች በምትኩ ገለልተኛ፣ በቂና ፈጣን የሆነ የአለመግባባት መፍቻ ሊኖራቸው ይገባል። ክልከላው ሲጠብቅ ምትኩም አብሮ መጠንከር ነበረበት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አደባባይ ወጥቶ በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ሲደርስና የታሰሩ ባለሙያዎችም በነበሩበት ወቅት የታየው፣ የጋራ ጥያቄን ከሥራ ቦታ ጀምሮ ተቀብሎ የሚያስተናግድ የታመነ መንገድ አለመኖሩ ነው። የደመወዝ ስኬል በሆስፒታል የቅሬታ ኮሚቴ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። የኮሚቴው በር የተከፈተ ቢሆን ግን ትንንሾቹ ብሶቶች ከትልቁ ጋር ተደራርበው ባልጠበቁ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛውን ቅሬታ በሚመለከት፣ የዲሲፕሊን አፈጻጸምና የቅሬታ አቀራረብ ሥነ ሥርዓትን የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 77/1994 የወጣው በአዋጅ ቁጥር 262/1994 ዘመን ነው። አዋጁ በ515/1999፣ ያም በ1064/2010፣ ይህም በ1353/2017 ተተክቷል። ክልሎች የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስላላቸው፣ አብዛኛው የጤና ባለሙያ የሚተዳደረውም በክልል ተቋም በመሆኑ፣ ቅሬታ አቅራቢው በመጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት በእርሱ ላይ የሚሠራው ሕግ የትኛው እንደሆነና የማቅረቢያ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ነው። የግል ሆስፒታልና መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሠራተኛው ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፈናል። በዚህ አዋጅ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር ተካፋይ መሆኑ ሥራውን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የይርጋው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። «እስቲ ትንሽ ታገሺ» የሚለው ምክር በግል ሆስፒታል ውስጥ ቢሰጥ፣ መካሪው ሳያስበው የነርሷን መብት ሊያሳጣት ይችላል።

የመንግሥት ተቋማቱ ሥርዓት ዋና ቋጠሮ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ515/1999ም ሆነ በ1064/2010 በተዘረጋው አሠራር ቅሬታ አጣሪው ኮሚቴ መርምሮ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ኃላፊው ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ሠራተኛ ሕጉ በሚፈቅዳቸው ጉዳዮች ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ቅሬታው በዋርድ ኃላፊ ላይ ሲሆን ይህ ቅደም ተከተል ይሠራል። ቅሬታው ኃላፊው ራሱ በፈረመው ዝውውር ወይም በመረጠው የትምህርት ዕድል ተጠቃሚ ላይ ሲሆን ግን፣ ኮሚቴው የሚመክረው ቅሬታ የቀረበበትን ሰው ነው። እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፣ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል የሚለው ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ቦታ ይመስላል። በይግባኝ የሚገኘው እርማትም ከሆስፒታሉ የሚርቅ፣ ጊዜና የመጓጓዣ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ከወረዳ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ክልል ርእሰ ከተማ የሚመላለስ ጤና መኮንን ጉዳዩን ለመከታተል የሚያጣው የሥራ ቀን ራሱ ሌላ የቅሬታ ምክንያት ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ሊመረምር ይችላል፤ ከእርሱ የሚመነጨው ግን በዋናነት የመፍትሔ ሐሳብ ነው።

በኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ብዙው ነገር የሚወሰነው በኮሚቴ አባላቱ አሠራር ነው፤ አባላቱም አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ናቸው። የሚያውቁትን የሙያ ልማድ ወደ ኮሚቴው ይዘው ቢገቡ ግማሹ ሥራ ይቀላል። በካርድ ላይ ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተሰጠ ይቆጠራል የሚለውን የሚያስተምር ሐኪም፣ በቃል የቀረበን ቅሬታ በቃል መልሶ ሲያሰናብት ይታያል። ቅሬታው በአንድ ገጽም ቢሆን ተጽፎ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ የደረሰበት ቀን ያለበት ቅጂ ለአቅራቢው መመለስ አለበት። መጻፍ የሚከብደው ሠራተኛ፣ በተለይም የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሚጽፍለት ሰው ሊመደብለት ይገባል። ስለ ቅሬታ ሥርዓት ሲነገር የጤና ባለሙያው ብቻ ይታሰባል፤ በሆስፒታል ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያለው ግን የሕክምና ቆሻሻ የሚያነሣው፣ በመርፌ የተወጋ ዕለት ወዴት እንደሚሄድ የማያውቀው ሠራተኛ ነው።

ቅሬታ ከቀረበበት ሰው ጋር ዝምድና፣ ጠብ ወይም የሥራ ጥገኝነት ያለው አባል ራሱን ማግለል ይኖርበታል። አንድ ክፍል አንድ ስፔሻሊስት ብቻ ባለበት ሆስፒታል ይህ ቀላል አይደለም፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ቢሆንም ማግለል የማይቻል ከሆነ ግንኙነቱን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ መቀመጥ ይቻላል፤ በኋላ ይግባኙን የሚያየው አካል ሊመዝነው ይችላልና።

ሽምግልናን በተመለከተ የተሳሳቱ ሁለት ጽንፎች ይታያሉ። አንደኛው ሽምግልናን ኋላ ቀር አድርጎ የሚንቅ ነው። በተረኝነት ድልድል የተኳረፉ ሁለት ባልደረቦችን በክፍሉ አንጋፋ ነርስ ፊት ቡና አፍልቶ ማስታረቅ፣ የአምስት ሰው ኮሚቴ ከመሰብሰብ የተሻለ ነው፤ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 130ም ቢሆን ጉዳዮች በቅርቡ ደረጃ እንዲያልቁ ያበረታታል። ሁለተኛው ጽንፍ ሁሉንም ነገር በሽምግልና ለመጨረስ የሚሻ ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ተለማማጅ ሐኪም «ስሙን አታጥፊው፣ ቤተሰብ አለው» ተብላ በሽማግሌ ስትለመን፣ የሚጠበቀው የአጥፊው ክብር ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልጽ ይከለክላል፤ በ515/1999ም በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት ከሚያስከትሉት ጥፋቶች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ በምርመራ እንጂ በዕርቅ የሚዘጋ አይደለም። የኃይል ሚዛኑ እጅግ በተዛባበት ቦታ ሽምግልና ደካማውን ዝም ማሰኛ ይሆናል።

ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። «ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» የምትል አንዲት መስመር፣ «ኖርማል» ብቻ ተብሎ እንደተጻፈ የራጅ ውጤት ናት፤ ምን እንደታየ አትናገርም። የትኛው ማስረጃ እንደተመረመረ፣ የትኛው መመሪያ እንደተጠቀሰና ሠራተኛው ካልተስማማ ወዴት፣ በስንት ቀን ውስጥ መሄድ እንደሚችል መገለጽ አለበት። ጉዳዩ ከተቀጠረለት ቀን ካለፈ ምክንያቱ ለአቅራቢው ይነገረው። ግሪንበርግ ያጠናቸው ነርሶች ከተሻለ እንቅልፍ ያገኙት በዚህ ዓይነቱ ማስረዳት ነበር።

ከበቀል መጠበቅ ግን በደብዳቤ ማሳሰቢያ ብቻ አይገኝም። ኮሚቴው ቅሬታ ያቀረቡትን ሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ ዝውውርና የተረኝነት ድልድል ለተከታዩ አንድ ዓመት ያህል ቢከታተልና ከቀድሞው ጋር ቢያነጻጽር፣ የሌዊንና የፒተርሰን ውጤት በራሱ ተቋም መኖር አለመኖሩን ማየት ይችላል። ወጪ የለውም፤ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና በየስድስት ወሩ የሚገልጠው ሰው ነው። ያው መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ከአንድ ሆስፒታል በአንድ ወር ውስጥ አራት ነርሶች ያልተቆጠሩ ሌሊቶችን በተመለከተ ቅሬታ ቢያቀርቡ፣ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ሳይሆኑ አንድ ወረርሽኝ ነው። እያንዳንዳቸውን አጣርቶ ማስከፈል የምልክት ሕክምና ነው፤ የበሽታው ምንጭ ግን ተተኪ ተረኛ የሚመዘገብበት ቅጽ አለመኖሩ ሊሆን ይችላል። ለኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ውጤታማነት ከሁሉ የሚቀርበው መለኪያ፣ ያው ቅሬታ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ ነው።

ወደ ምሳሌዋ ነርስ ስንመለስ፣ ጉዳይዋ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ለማጣራት ሦስት ማስረጃዎች ይበቁ ነበር። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ፈረቃ መጨረሻ የሚፈረምበት የዋርዱ የርክክብ መዝገብ ነው። ሁለተኛው በእነዚያ አራት ሌሊቶች ለሕሙማን የሰጠቻቸው መድኃኒቶች የተመዘገቡበትና ፊርማዋ ያረፈበት ካርድ ሲሆን፣ ሦስተኛው የታመመችው ባልደረባዋ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው። ሦስቱም በዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሦስቱን አሰባስቦ ማየትም ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም።